የቤት ጥንቸል የሆድ ጤንነትና ንጽሕና

ሰው አንድ እንስሳ ወደ ቤቱ ባገባ ጊዜ ደስታን ብቻ አያገባም፤ ሥራንም ከደስታው ጋራ አብሮ ያገባል። ውሻ ሲርበው ይጮኻል፤ ድመት ጌታዋን እየተከተለች ትለምናለች፤ በግም ባ ብሎ ይጣራል። ጥንቸል ግን ዝም ይላል። ቢራብም ቢታመምም ድምፅ አያሰማም። በዱር ይኖሩ የነበሩት አባቶቹ ድካማቸው ለቀበሮና ለንስር እንዳይገለጥ ሕመማቸውን ይደብቁ ስለ ነበር፥ ይህ ጠባይ በቤት ለሚኖረውም ቀርቶለታል። ስለዚህ ጥንቸልን የሚያሳድግ ልጅ እንስሳው እስኪጣራ ድረስ ሊጠብቅ አይገባውም፤ በዓይኑ አይቶ ማወቅ አለበት። የዚህም ትምህርት ዋና ነገር ይኸው ነው። የጥንቸል ሕይወት በሆዱ ነው፤ የሆዱም ጤንነት በሚበላው ሣርና በሚጥለው በጠጥ ይታወቃል።

ክፍል 1። የቤት ጥንቸል ምን ዓይነት እንስሳ ነው

በኢትዮጵያ ሜዳና ቍጥቋጦ የሚሮጠው የዱር ጥንቸልና በቤት የሚያድገው ጥንቸል በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ ዘር አይደሉም። የቤት ጥንቸል የመጣው በእስፓንያ፥ በፖርቱጋልና በደቡብ ፈረንሳይ ምድር ጕድጓድ እየማሰ በማኅበር ከሚኖር ዘር ነው። የእርሱ ልጆች ሲወለዱ ጠጕር የላቸውም፤ ዓይናቸውም አይገለጥም። የኢትዮጵያ የዱር ጥንቸል ልጆች ግን ጠጕር ለብሰው፥ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ስለዚህ የዱሩን ጥንቸል ልጅ ይዞ በቤት ለማሳደግ መሞከር አይገባም፤ በድንጋጤ ብቻ ሊሞት ይችላልና።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰዎች የጥንቸል ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ጥንቸል በብዙ ቤት የሚያድገው ለሕፃናት ወዳጅ እንዲሆን ነው። በመልካም የተያዘ ጥንቸል 8 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ይህም ማለት በሕፃንነቱ ጥንቸል የተሰጠው ልጅ በሚገባ ቢጠብቀው እስኪጐለምስ ድረስ አብሮት ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ክፋት አይደለም፤ አለማወቅ ነው።

ክፍል 2። የጥንቸል ሆድ እንዴት እንደሚሠራ

ላምም ጥንቸልም ሣር በል ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ ሣሩን የሚፈጩበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ላም የዋጠችውን ሣር ወደ አፏ መልሳ ታመነዥካለች። ጥንቸል ግን አንድ ጊዜ የዋጠውን ከጨጓራው ሊመልስ አይችልም፤ ማስታወክም ከቶ አይቻለውም። ክፉ ነገር ቢበላ እንደ ውሻ አስመልሶ አይገላገልም። ወደ ውስጥ የገባው ሁሉ በአንጀቱ መንገድ ሄዶ መውጣት አለበት።

ምግቡ ከጨጓራው ወደ ቀጭኑ አንጀት ካለፈ በኋላ ሁለት መንገድ ይከፈልለታል። ሻካራው የሣሩ ቃጫ በቶሎ በወፍራሙ አንጀት ያልፍና ደረቅ፥ ክብ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። ደቃቁና ፈሳሹ ግን ወደ ዕውር አንጀት ይገባል። ዕውር አንጀት መባሉ በአንድ ጫፉ ዝግ የሆነ ከረጢት ስለ ሆነ ነው። በጥንቸል ሆድ ውስጥ ይህ ከረጢት እጅግ ትልቅ ነው። በውስጡም በዓይን የማይታዩ ብዙ ረቂቃን ነፍሳት ይኖራሉ። እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካ እነርሱም ደቃቁን ምግብ ያቦኩታል፤ ለጥንቸሉም ኀይልና ቪታሚን ያወጡለታል።

ከዕውር አንጀት የሚወጣው የቦካ ምግብ ለስላሳ በጠጥ ይሆናል። እርሱም እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፥ የሚያብረቀርቅና ሽታ ያለው ነው። ጥንቸሉ ጐንበስ ብሎ ከመቀመጫው በአፉ ተቀብሎ ይውጠዋል። ይህን ያየ ልጅ ይጸየፍ ይሆናል፤ ነገር ግን በሽታም ነውርም አይደለም። ላም በማመንዠክ የምታገኘውን ጥቅም ጥንቸል በዚህ መንገድ ያገኘዋል። እንዳይበላ የተከለከለ እንደ ሆነ ይጐዳል። በጤነኛ ጥንቸል ወለል ላይ የሚታየው ደረቁ በጠጥ ብቻ ነው፤ ለስላሳው ሁልጊዜ ወድቆ ከተገኘ አንድ ነገር ጐድሏል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ የሚካሄደው አንጀቱ ሳያቋርጥ ሲንቀሳቀስ ነው። የሚያንቀሳቅሰውም ሻካራው ቃጫ ነው። የውሃ ወፍጮ ውሃው ሲቋረጥበት እንደሚቆም፥ የጥንቸልም አንጀት ሣር ሲጐድልበት ይቆማል። አንጀቱ በቆመ ጊዜ ጠቃሚዎቹ ረቂቃን ነፍሳት ያንሳሉ፤ ጐጂዎቹ ይበዛሉ። ሆዱ በነፋስ ይሞላል፤ ጥንቸሉም ከሕመሙ የተነሣ ከነጭራሹ አይበላም። ባለመብላቱም አንጀቱ ይብሱን ይቆማል። እንደዚህ ሆኖ አንዱ ክፉ ሌላውን እየወለደ በአጭር ጊዜ ለሞት ያደርሰዋል።

ክፍል 3። የሚስማማውና የማይስማማው ምግብ

የጥንቸል ምግብ ከ10 እጅ 8 እጁ ድርቆሽ ሣርና ንጹሕ የመስክ ሣር መሆን አለበት። ሰርዶ መልካም ምግብ ነው። ድርቆሹ ቀንም ሌሊትም ከፊቱ መጥፋት የለበትም፤ ጥንቸል ሌሊት ደግሞ ይበላልና። ድርቆሽ ሌላም ጥቅም አለው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ ሻካራ ሣር በማኘክ ካልተሞረደ ረዝሞ ምላሱንና ጕንጩን ይወጋዋል። ጥርሱ የታመመ ጥንቸል አይበላም፤ ያልበላም ሆዱ ይቆማል።

ከድርቆሹ ቀጥሎ በየቀኑ ጥቂት ልዩ ልዩ ቅጠል፥ ለምሳሌ ሰላጣና የካሮት ቅጠል፥ ታጥቦ ይሰጠዋል። ጎመን በጥቂቱ ካልሆነ ሆዱን ይነፋዋል። ማገጥም ቢበዛበት እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰዎች ካሮት የጥንቸል ዋና ምግብ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሥሩ ጣፋጭ ስለ ሆነ አልፎ አልፎ በቀጭኑ ተቈርጦ ብቻ ይሰጣል።

እንጀራ፥ ዳቦ፥ ቆሎ፥ ብስኩትና ስኳር ለጥንቸል አይገቡም። ሰጪው በፍቅር ቢሰጥ፥ ጥንቸሉም በደስታ ቢበላ፥ ጕዳቱ አይቀርም። ይህ ምግብ ወደ ዕውር አንጀት በገባ ጊዜ ከመጠን በላይ ይቦካልና። ሻጋታ የያዘ ድርቆሽ፥ ታጭዶ ተከምሮ የሞቀ ሣር፥ የተባይ መድኀኒት የተረጨበት ቅጠልና ውሾች የሚጸዳዱበት ስፍራ ሣር ከቶ አይሰጡም። የአቮካዶ ቅጠልና ፍሬ፥ የድንች ቅጠል፥ ሽንኵርት፥ ጉሎና አስተናግር ለጥንቸል መርዝ ናቸው።

አዲስ ምግብ በአንድ ጊዜ አይለወጥም። በዕውር አንጀት የሚኖሩት ረቂቃን ነፍሳት የለመዱትን ምግብ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አዲሱ ከቀድሞው ጋራ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀላቀለ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ይለመዳል። ከሁሉ ይልቅ ጡት የጣሉ ልጆች በዚህ ነገር ይጐዳሉና ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

ውሃም እንደ ሣሩ ያስፈልጋል። 2 ኪሎ የሚመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ በሙቀት ቀን ደግሞ ይጨምራል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ዕቃውም ይታጠብ። ውሃ ያጣ ጥንቸል ድርቆሽ መብላት ይተዋል።

ክፍል 4። የሆድ በሽታና ምልክቱ

አንደኛው የሆድ መቆም ነው። ጥንቸሉ ምግብ ይተዋል፤ በጠጡ ያንሳል፥ ይደርቃል፥ ወይም በጠጕር እንደ መቍጠሪያ ተያይዞ ይወጣል፤ በመጨረሻም ፈጽሞ ይቋረጣል። ጥንቸሉ በጥግ ይኰራመታል፤ ጥርሱን ያፋጫል፤ ጆሮው ይቀዘቅዛል። ቀድሞ የዚህ በሽታ ምክንያት የዋጠው ጠጕር ነው ይባል ነበር። አሁን ግን እንደ ታወቀው፥ አብዛኛውን ጊዜ አንጀቱ አስቀድሞ በመድከሙ ነው ጠጕሩ በጨጓራ የሚከማቸው። የሣር ማነስ፥ የጥርስ ሕመም፥ ድንጋጤ፥ ታላቅ ሙቀትና ያለ እንቅስቃሴ መዋል ለዚህ በሽታ ምክንያት ይሆናሉ።

ሁለተኛው ያልተበላ ለስላሳ በጠጥ ነው። ደረቁ በጠጥ እንደ ልማዱ ይገኛል፤ ለስላሳውም ከመቀመጫው ጠጕር ጋራ ተጣብቆ ይታያል። ይህ ተቅማጥ አይደለም። የእህልና የጣፋጭ ምግብ መብዛት፥ ከመጠን በላይ መወፈር፥ ወይም ጐንበስ ለማለት የሚከለክል ሕመም ያመጣዋል። ምክንያቱ ምግብ ብቻ ከሆነ፥ እህሉን አስቀርቶ ድርቆሽ በማብዛት ብዙ ጊዜ ይድናል።

ሦስተኛው እውነተኛ ተቅማጥ ነው። በጠጡ ሁሉ ውሃ ይሆናል፤ ክብ ፍሬ ከቶ አይገኝም። ይህ በትንሹ እንስሳ አካል ውስጥ ያለውን ውሃ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል፤ ለልጆቹ ደግሞ እጅግ አስጊ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ኮክሲድያ የሚባል በአንጀት የሚኖር ረቂቅ ነፍስ ነው።

አራተኛው የሆድ መነፋት ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ይጠነክራል። ይህ አንጀቱ በአንድ ነገር የተዘጋ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል ከሁሉ ይልቅ ያስቸኵላል።

የጥንቸል ሽንት ግን ቀይ ወይም ብርትኳናማ ቢሆን፥ ወይም እንደ ኖራ ነጭ ቢመስል፥ ከሚበላው ቅጠል የተነሣ ሊሆን ይችላልና፥ ጥንቸሉ እየበላና እየዘለለ ከሆነ ልጁ ወዲያው አይደንግጥ። ቀለሙ ካልተለወጠ ወይም ጥንቸሉ ሲሸና የሚጨነቅ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ምሳሌ

በአንድ መንደር የሚኖሩ ወንድምና እኅት አንዲት ጥንቸል ነበረቻቸው። በበዓል ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። እንግዶቹም ልጆቹን ለማስደሰት ብለው አንዱ ዳቦ፥ አንዱ ቆሎ፥ አንዱ የሙዝ ቍራጭ ለጥንቸሊቱ ሰጧት። እርስዋም የሰጧትን ሁሉ በላች፤ ድርቆሹን ግን አልነካችም። በማግሥቱ ማለዳ ወንድሙ ያቀረበላትን ቅጠል እንዳልበላች ባየ ጊዜ፥ «ትናንት ስለ ጠገበች ነው» ብሎ ወደ ጨዋታው ሄደ። እኅቱ ግን ቤቷን ለመጥረግ ጐንበስ ብትል ወለሉ ቀድሞ የተጠረገ መሰላት፤ አንድ ፍሬ በጠጥ አልነበረበትም። ጥንቸሊቱም በጥግ ተኰራምታ ጥርሷን ታፋጭ ነበር።

ልጅቱም ወደ አያቷ ሮጣ፥ «እማማ፥ ጥንቸሊቱ ምግብ አልበላችም፤ ሌሊቱን ሁሉ በጠጥ አልጣለችም» አለቻቸው። አያቷ የጥንቸሊቱን ጆሮ ዳስሰው፥ «ቀዝቅዛለች፥ ልጄ። ትንሽ ነፍስ ናትና እስከ ነገ አትቈይም፤ ሂጂ አባትሽን ጥሪው» አሏት። አባቷ በቅርጫት ድርቆሽ ጐዝጕዞ፥ በጨርቅ ሸፍኖ፥ ከቀትር በፊት ወደ እንስሳት ሐኪም አደረሳት። ሐኪሙ ሆዷን ዳስሶ፥ አንጀቱ እንዳልተዘጋ ካረጋገጠ በኋላ፥ ሕመም የሚያስታግሥና አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኀኒት ከፈሳሽ ጋራ ሰጣት። «ነገ አምጥታችኋት ቢሆን ኖሮ የምሠራው ነገር ባልነበረኝ» አላቸው።

በዚያው ቀን ማታ ጥንቸሊቱ ጥቂት ድርቆሽ ቀመሰች። በማግሥቱ ጧት ወንድሙ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ወለሉን ባየ ጊዜ ትንንሽ በጠጥ አገኘ። «በጠጥ አይቼ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ልጆች በየተራ ማለዳ ቤቷን ይጠርጉ ጀመር።

ክፍል 5። ጥንቸል በታመመ ጊዜ የሚደረግ እርዳታ

ጥንቸል ግማሽ ቀን ያህል ምግብ ሳይቀምስና በጠጥ ሳይጥል ከቈየ፥ ወይም ውሃ የሆነ ተቅማጥ ከያዘው፥ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። ሐኪሙ እስኪገኝ ድረስ የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

1። እህልና ጣፋጭ ነገር ሁሉ ይነሣ፤ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ብቻ ይቅረብለት። ሰው ሆዱን ሲያመው እንደሚጦም ጥንቸልን ማስጦም አይገባም።

2። ጥንቸሉ በጸጥታ ስፍራ፥ ከውሾችና ከጫጫታ ርቆ ይቀመጥ።

3። ጆሮውና ሰውነቱ ቀዝቅዞ ከሆነ፥ ለብ ያለ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በአጠገቡ ይደረግ። የጤነኛ ጥንቸል ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ከዚህ ዝቅ ማለቱ ክፉ ምልክት ነው። በፀሐይ ሙቀት የታመመ ከሆነ ግን ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ጆሮውም በረጠበ ጨርቅ ይነካ።

4። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ በግድ ምግብ አይጋት፤ ሆዱም በኀይል አይታሽ።

5። ኮሶ፥ አረቄ፥ ዘይት ወይም የሰው መድኀኒት አይሰጠው። ለሰው ፈውስ የሆኑት እንደ አሞክሲሲሊንና እንደ አምፒሲሊን ያሉ ክኒኖች በጥንቸል አፍ ሲገቡ በዕውር አንጀቱ ያሉትን ጠቃሚ ረቂቃን ነፍሳት ስለሚያጠፉ ሊገድሉት ይችላሉ።

6። ወደ ሐኪሙ ሲወሰድ ከበጠጡ ጥቂት በንጹሕ ዕቃ ይያዝ፤ ከመቼ ጀምሮ እንዳልበላና ምን በልቶ እንደ ነበረ ይነገር።

ክፍል 6። የጥንቸል ቤት ንጽሕና

የጥንቸል ቤት ከመሬት ከፍ ያለ፥ ዝናብና ብርቱ ፀሐይ የማይገባበት፥ ነገር ግን አየር የሚገባበት ይሁን። ወለሉ ሽቦ ብቻ ከሆነ እግሩን ያቈስለዋል፤ ስለዚህ ደረቅ ጭድ ይጐዝጐዝለት። ጥንቸል በተፈጥሮው በአንድ ጥግ መሽናት ይወድዳል፤ በዚያ ጥግ ዝቅ ያለ ሣጥን ጭድ ተሞልቶ ቢቀመጥለት በቶሎ ይለምደዋል።

የረጠበው ጭድና በጠጡ በየቀኑ ይነሣ። የዚህም ምክንያት ለዓይን ብቻ አይደለም። የኮክሲድያ ዘር ከበጠጡ ጋራ በወጣ ጊዜ ወዲያው ሌላውን አያሳምምም፤ በእርጥብ ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ቈይቶ ከበሰለ በኋላ ነው የሚያሳምመው። ስለዚህ በየቀኑ የሚጠርግ ልጅ በሽታው ሳይበስል ከቤት ያወጣዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚጠርግ ግን አብስሎ ያቈየዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጥንቸሉ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዶ ቤቱ በሳሙና ይታጠብ፤ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፤ በፀሐይም ይድረቅ። ይህን ዘር የፈላ ውሃና ድርቀት ያጠፉታል እንጂ በረኪና አይበቃውም። የፈላውን ውሃ ትልቅ ሰው ያፍስስ፤ ሕፃናት አይንኩት።

ድርቆሹ በወለል ላይ አይበተን፤ በበጠጥና በሽንት እንዳይረክስ ከፍ ባለ መደርደሪያ ይቀመጥ። የሽንት ሽታ የበዛበት ቤት የጥንቸሉን ዓይንና ሳንባ ያሳምማል።

የጥንቸል መቀመጫ በየቀኑ ይታይ። እርጥብና የቈሸሸ ጠጕር ዝንብን ይጠራል። ዝንብ እንቍላሉን በጠጕሩ ላይ ይጥላል፤ እንቍላሉም በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሆኖ የሕያውን ጥንቸል ሥጋ መብላት ይጀምራል። በሙቀት ወራት ጧትና ማታ መመልከት ይገባል። ትል የተገኘበት ጥንቸል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ጥንቸልን በውሃ ነክሮ ማጠብ አይገባም፤ ይደነግጣል፥ ይበርደዋል፥ ሊሞትም ይችላል። የቈሸሸው ስፍራ ብቻ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ፈጽሞ ይድረቅ። ሲያነሡትም በጆሮው አይያዝ፤ አንዱ እጅ ደረቱን፥ ሌላው እጅ የኋላ እግሮቹን ይደግፍ። በአየር ተንጠልጥሎ ሲራገጥ ወገቡ ሊሰበር ይችላልና።

ክፍል 7። የአሳዳጊው ንጽሕና

ጥንቸልን የነካ ወይም ቤቱን የጠረገ ልጅ እጁን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ይልቁንም ምግብ ከመብላቱ አስቀድሞ። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሆድ በሽታና እንደ ቆረቆር ያለ የቆዳ በሽታ አለና። የጥንቸሉ የውሃ ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋራ አይታጠብ፤ ጥንቸሉም በማድ ቤት አይቀመጥ። የተጠረገው ጭድና በጠጥ ከጕድጓድና ከምንጭ ርቆ ይከመር፤ በደንብ ከበሰበሰ በኋላ ለአትክልት መልካም ፍግ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ጥንቸልን የሚጠብቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ድርቆሽ፥ ንጹሕ ውሃ፥ ደረቅ ጭድና በየማለዳው የሚመለከት ዓይን ከተገኙ ይበቃሉ። ልጁ ማለዳ ሲነሣ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሌሊት ድርቆሹ ጐድሏልን? ወለሉ ላይ ክብ ደረቅ በጠጥ አለን? መቀመጫው ንጹሕ ነውን? ሦስቱም አዎን ከሆኑ ወደ ትምህርት ቤቱ በደስታ ይሂድ። አንዱ ቢጐድል ግን ለታላቆቹ ሳይናገር አይሂድ። ጥንቸሉ ሊናገር ስለማይችል በእርሱ ፈንታ የሚናገርለት ልጁ ነውና።

ጥያቄዎች

1። የቤት ጥንቸል ከኢትዮጵያ የዱር ጥንቸል በምን ይለያል?
2። ዕውር አንጀት የሚሠራው ሥራ ከእርሾ ሥራ ጋራ የሚመሳሰለው በምንድር ነው?
3። ለስላሳው በጠጥና ተቅማጥ በምን ይለያሉ?
4። ለጥንቸል ዳቦና ቆሎ መስጠት ስለ ምን ይጐዳል?
5። በምሳሌው ውስጥ እኅቲቱ ያየችው፥ ወንድሙ ግን ያላየው ምንድር ነው?
6። ቤቱን በየቀኑ መጥረግ የኮክሲድያን በሽታ እንዴት ይከለክላል?
7። የሰው ክኒን ለጥንቸል የማይሰጠው ስለ ምንድር ነው?
8። ሥራ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለውን አንድ እንስሳ 7 ቀን ማለዳ ማለዳ እየተመለከተ የሚበላውንና የሚጥለውን በደብተሩ ይጻፍ።